ጉድጓዱን ማን ይሙላው?



ስለ ማዕድን ሀብታችን በጋዜጣም በራዲዮም ብዙ ይነገራል። የሚነገረው ግን ስለሚወጣው ድንጋይ ነው እንጂ፣ ድንጋዩ ከወጣ በኋላ ስለሚቀረው ጉድጓድ አይደለም። እኔ በጋይንት በ2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምር እንደ መሆኔ፣ በዚህ ነገር ጥቂት አሳብ ለማቅረብ እወዳለሁ።

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አገር ከጉና ተራራ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ ገደላማ አገር ነው። አፈሩ ስስ ነው፤ የክረምቱ ዝናም ብርቱ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በጋይንትና በስማዳ ብዙ ቤተሰብ በሴፍቲኔት እየተረዳ እርከን ሲሠራ ኖሯል። እንግዲህ ገበሬው በአንድ በኩል እርከን ሲክብ፣ በሌላ በኩል ያለ ሥርዓት ቁፋሮ ከተፈቀደ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ካባ ሲከፈት አስቀድሞ የሚነሣው የላዩ ለም አፈር ነው። ይኸውም በመቶ በሚቆጠር ዓመት የተገኘ አፈር ወደ ቁልቁለቱ ይጣልና ከታች ያለውን ግጦሽና ማሳ ያለብሳል። አፈሩን ይዞ የነበረው የወይራና የክትክታ ሥር ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ጎርፉ መንገድ ያገኛል፤ በሁለት ሦስት ክረምት ቦረቦር ይሆናል። ከወንዝ ዳር አሸዋ ሲዛቅም ዳርቻው ይናድና የመስኖውን መሬት ይወስዳል።

ደላንታ ትምህርት ሊሆነን ይገባል። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በወገል ጤና አጠገብ ኦፓል ከተገኘ ወዲህ፣ ወጣቱ ገደሉን በዶማና በመዶሻ እየቦረቦረ ገብቷል። ብዙዎች እንጀራ አግኝተውበታል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. በበጋ ዋሻ ተደርምሶ ወደ 20 የሚጠጉ ቆፋሪዎች ከውስጥ መቅረታቸውን ሰምተናል።

ታዲያ ጉድጓዱን የሚሞላው ማን ነው? በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 ከትልልቆቹ አምራቾች የአካባቢ ጥናትና መሬቱን መልሶ ለማዳን የሚሆን ገንዘብ ሲጠይቅ፣ በእጅ የሚቆፍረውን ባህላዊ አምራች ከሁለቱም ነፃ አድርጎታል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ዶማ ብቻ ያለው ወጣት የባለሙያ ጥናት ሊያቀርብ አይችልም። ሆኖም አንዱ ጉድጓድ ትንሽ ቢሆን መቶው ትንሽ አይደለም። ድኻው ቆፋሪ የተማረለት ዕዳ፣ ከበታቹ ባለው ድኻ ገበሬ ላይ ወድቋል።

ስለዚህ ቁፋሮው ይከልከል አልልም። ትምህርት ቤታችንም የተሠራው በድንጋይ ነው። የምለው፣ ወጣቱ ሊሠራው ያልቻለውን ጥናት የመንግሥት ሠራተኛ ይሥራለት ነው። ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት የማዕድንና የግብርና ባለሙያዎች አብረው ቦታውን ይዩ፤ ከታች ያለው ባለማሳም ይጠየቅ። እርከን የተሠራበት ተዳፋት አይነካ። የላዩ አፈር ለብቻው ይከመር። ከማኅበሩ ሽያጭ ጥቂት እየተቀነሰ ይቀመጥ፤ ጉድጓዱ ተሞልቶ ችግኝ ሲተከልበት ይመለስለት። ያላሟላም ፈቃዱ አይታደስለት።

ይህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። የሚጠይቀው፣ ፈቃዱን የሚፈርመው ሹም ከወንበሩ ተነሥቶ ቁልቁለቱን እንዲወርድ ብቻ ነው።

አንድ መምህር
ከነፋስ መውጫ