አቀባበሉ የሚፈተነው በስድስተኛው ሳምንት ነው



የዩኒቨርሲቲ ምደባ ወጥቶ የመግቢያ ጥሪ የሚጠበቅበት ሰሞን ነው። ቦርደዴ ላይ ወጣቱ በየሻይ ቤቱ በረንዳ ተሰብስቦ "አንተ የት ደረሰህ? እሷስ የት ደረሳት?" ይባባላል። አንዱ ጭሮ፣ ኦዳ ቡልቱም ደርሶት ከቤቱ ብዙም አይርቅም። ሌላው ሐረማያ ወይም ድሬዳዋ ነው። ጂንካ ወይም ደብረ ታቦር የደረሰው ደግሞ ቦታውን በካርታ ላይ እየፈለገ ነው።

በየግቢው ያሉ ጀመዓዎቻችንም ሥራ ላይ ናቸው። ባነር ይታተማል፣ መናኸሪያ የሚቆሙ ልጆች ይመደባሉ፣ የእንኳን ደህና መጣችሁ ፕሮግራም ይሰናዳል። አላህ ኸይር ጀዛቸውን ይክፈላቸው፤ ሥራው ትልቅ ነው። እኔም በዚሁ አቀባበል ውስጥ ያለፍኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን አንድ ነገር ለማለት ተነስቻለሁ፦ አቀባበላችን የሚፈተነው ሻንጣ በምንሸከምበት ቀን አይደለም። የሚፈተነው በስድስተኛው ሳምንት ነው፤ ባነሩ ወርዶ፣ ሁሉም ወደየጉዳዩ ተበትኖ፣ የሚድ ፈተና ሲቃረብ።

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

ከቦርደዴ በአንድ መኪና ወጥተን አንድ ዩኒቨርሲቲ የገባን ሁለት ልጆች ነበርን። መናኸሪያ ስንደርስ የጀመዓው ወንድሞች ሻንጣችንን ተቀብለው መስጂድ ወሰዱን። ሻይና ሳምቡሳ ቀረበልን፣ ነሲሓ ተደረገልን፣ ስማችንና ስልካችን ተመዘገበ። የዚያን ቀን ሁለታችንም ቤታችን የገባን ያህል ነው የተሰማን።

ዲፓርትመንታችንና ዶርማችን ስለተለያየ ቀስ በቀስ መገናኘት አቆምን። ጓደኛዬ ሚድ ሊደርስ ሲል ታመመ። የቆላ ልጅ ነውና የወባ ትኩሳት መሆኑን አውቆታል፤ የግቢው ክሊኒክ የሚያስከፍል መስሎት ግን ዶርም ተኝቶ ዋለ። ሁለት ፈተና አመለጠው። ሲብስበት ለማንም ሳይናገር አገሩ ገባ። ዊዝድሮዋል የሚባል ፎርም እንዳለ፣ ፎርሙ በሕክምና ማስረጃ ተሞልቶ ሪጅስትራር ከገባ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ መማር እንደሚቻል የነገረው ሰው አልነበረም። ድኖ ሲመለስ የጠበቀው ኤፍ የሞላበት ወረቀት ነበር። ተባረረ። ዛሬ በዚያው በአዋሽና በሚኤሶ መካከል ባለው አስፋልት ላይ የከባድ መኪና ረዳት ነው። ሥራው ሐላል ነው፣ አላህ በረካ ያድርግለት። ነገር ግን እሱ ከእኔ የተሻለ ተማሪ ነበር።

ማንንም ልወቅስ አይደለም። ለመውቀስ ከሆነ ከራሴ ልጀምር። እሱ ዶርም ተኝቶ በነበረበት ሳምንት እኔ ለአንድ ፕሮግራም የወንበር ኪራይ ብር እያሰባሰብኩ ነበር። ስሙ በጀመዓው መዝገብ ላይ አለ፤ ስልኩም አለ። አንድ ሰው እንኳ አልደወለለትም። እኔም አልደወልኩም።

የአንድ ልጅ መውደቅ ምን ያህል ኪሳራ እንደሆነ በቁጥር እንየው። በ2014 ዓ.ል የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 ከመቶ። ሌሎች በሬሜዲያል በኩል ዕድል ያገኛሉ፤ እሱም ራሱን የቻለ ፈተና አለው። እንግዲህ እንደ ቦርደዴ ካለ ከተማ ተነስቶ ግቢ የገባ ልጅ በስንት ወንፊት አልፎ እንደመጣ አስቡት። በመውጫውም ከ2015 ጀምሮ 50 ከመቶ ማለፍ ግድ የሆነበት የመውጫ ፈተና አለ። ይህን ሁሉ መንገድ የሚሄድ ልጅ ባለማወቅ ብቻ፣ በአንድ ፎርም ምክንያት ሲቀር ያንገበግባል።

ድጋፍ የለም እንዳንል ደግሞ አለ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎች ዲን፣ ክሊኒክ፣ የምክር አገልግሎት፣ የሴቶች ጉዳይ ቢሮ አላቸው፤ ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎችም ድጋፍ የሚሰጡ አሉ። ችግሩ የኛ ልጅ በሩን አያውቀውም። እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ፣ ከ9ኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ታግሎ የመጣ ልጅ ማስታወቂያ ቦርዱ ላይ የተለጠፈውን ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አንብቦ "ይህ እኔን ይመለከታል" እስኪል ቀኑ ያልፋል። በአማርኛ ጠይቆ ለማስረዳትም የሚያፍር አለ። "የምክር አገልግሎት" ሲባል የአእምሮ ሕመምተኛ ብቻ የሚሄድበት የሚመስለውም ብዙ ነው።

በእኛ ታሪክ ደግሞ እንግዳን መቀበል ማለት የአንድ ቀን ደስታ ሆኖ አያውቅም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ሕዝቡ ወጥቶ በደስታ ተቀብሏቸዋል። ነገሩ ግን እዚያ ላይ አላበቃም። ሙሃጂሮችን ከአንሷሮች ጋር አንድ በአንድ ወንድማማች አደረጓቸው። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ ከሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ ጋር ተጣመረ። ሰዕድ የሀብቱን ግማሽ ሊያካፍለው ሲል ዐብዱረሕማን ዱዓ አድርጎለት ገበያው የት እንደሆነ ብቻ እንዲያሳየው ጠየቀ። ልብ በሉ፤ እንግዳው አንድ የሚጠይቀው ሰው ነበረው፤ የሚጠየቀውም ሰው መንገዱን ያውቅ ነበር። ለአዲስ ተማሪ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው።

ከዚያም በኋላ ይኸው መንገድ ቀጥሏል። ከአገራችንና ከአካባቢው ለዕውቀት ካይሮ የወረዱ ደረሶች አል-አዝሀር ውስጥ የጀበርቲዎች ሪዋቅ የሚባል የራሳቸው ማደሪያ ነበራቸው። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የግብፁ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ የዚያ ሪዋቅ ኃላፊዎች ከነበሩ ቤተሰብ የተገኘ ነው። በአገር ቤትም ቢሆን ደረሳ ከቀዬ ቀዬ ሲዞር ያበላው የመንደሩ ሰው ነው። ደረሳውን ተቀብሎ በሦስተኛው ቀን የረሳ መንደር ቢኖር ኖሮ ኪታብ የሚያከትም ባልተገኘ ነበር።

ስለዚህ ለዘንድሮ አቀባበል የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው።

አንደኛ፣ የተመዘገበው ስም በወረቀት አይቅር። ለሦስት ወይም ለአራት አዲስ ገቢ አንድ ሲኒየር ይመደብ፤ ቢቻል ከዚያው ኮሌጅ። ሥራው የመጀመሪያው ሴሚስተር ግሬድ እስኪወጣ ድረስ በሳምንት አንድ ጊዜ በአካል ማግኘት ወይም መደወል ነው። ለእህቶች ደግሞ እህቶች ይመደቡ። አሚሩም ሆነ አሚራዋ በስድስተኛው ሳምንት "ያልተገኘ ማን ነው?" ብለው መዝገቡን ይጠይቁ።

ሁለተኛ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ግቢውን እያዞርን በሮቹን እናሳያቸው። ካፌና መስጂድ ማሳየት ብቻ አይበቃም። ክሊኒኩ ይህ ነው፣ በመታወቂያህ ትታከማለህ። ሪጅስትራሩ ይህ ነው፣ ከታመምክ ፎርም ሳትሞላ እንዳትወጣ። የግሬድ ቅሬታ የራሱ የቀን ገደብ አለው፣ እንዳያልፍህ። እህቴ፣ ችግር ሲገጥምሽ የምትገቢበት ቢሮ ይህ ነው። ይህን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም በአንድ ገጽ ጽፎ በቴሌግራም መላክ የአንድ ማታ ሥራ ነው።

ሦስተኛ፣ ቲቶሪያል የሚጀመረው ፈተና ሲደርስ አይሁን፤ ከሁለተኛው ሳምንት ይጀመር። ፍሬሽ ላይ ብዙውን የሚጥሉት ማትስ፣ ሎጂክና እንግሊዝኛ ናቸው። ለባነር፣ ለወንበርና ለድምፅ ማጉያ ከምናወጣው ላይ ቀንሰን ለኮፒና ለነጭ ሰሌዳ ብናውለው፣ ለቸገራቸው እህቶችም ሞዴስና ሳሙና በሚስጥር የሚደርስበትን መንገድ ብናበጅ ከዚህ የበለጠ ሰደቃ አላውቅም።

አራተኛ፣ ረመዷን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደፊት ስለሚመጣ በሚቀጥሉት ዓመታት ከመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና ጋር የመገናኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። የኢፍጣርና የሱሑር ነገር በዋዜማው ሳይሆን አስቀድሞ ከካፌ አስተዳደርና ከተማሪዎች ዲን ጋር በጨዋ ደንብ ይነጋገሩበት።

"ጀመዓው ራሱ ተማሪ ነው፤ ጊዜና ገንዘብ ከየት ያመጣል?" የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ለዚህም ነው አዲስ ሸክም እንጨምር ያላልኩት፤ የመጀመሪያውን ቀን ድካም በአሥራ ስድስቱ ሳምንት ላይ እናከፋፍለው ነው የምለው። "የጀመዓ ሥራ ዲን ማስጠበቅ ነው" የሚልም አለ። እኔም እስማማለሁ። ነገር ግን የተባረረው ጓደኛዬ የቀረበት ዲግሪ ብቻ አልነበረም። ደርሱም፣ ጓደኛውም፣ መስጂዱም አብረው ቀሩበት። ደግሞም ቲቶሪያሉ ሲካሄድ የዶርሙ ጓደኛ ሙስሊም ባይሆንም ገብቶ ይማር። ጎረቤት ሐቅ አለው።

የመጨረሻው የኛ የከተሜዎቹ ድርሻ ነው። ከቦርደዴ፣ ከአሰቦት፣ ከሚኤሶ፣ ከጭሮ ተመርቀን የወጣን አለን። ልጆቹ ሻንጣ ከመዝጋታቸው በፊት አንድ ማታ ከዒሻ በኋላ ሰብስበን ያየነውን እንንገራቸው። ወላጆችም ይምጡ፤ ልጃቸው ታሞ ሲመለስ መጀመሪያ "ፎርም ሞልተህ ነው የመጣኸው?" ብለው እንዲጠይቁ። ኪራይ የለውም፣ ባነር አይፈልግም።

ይህን ያነበብክ ሲኒየር፣ ያነበብሽ እህት፦ አምና ከተቀበልናቸው መካከል ከዚያ ወዲህ ያልደወልንለት አንድ ስም አይጠፋም። ዛሬ እንደውልለት። ስለ ትምህርቱ ብቻ አይደለም፤ በልቶ እንደሆነ፣ ተኝቶ እንደሆነ፣ ጤና እንደሆነ እንጠይቀው።

አላህ ለአዲስ ገቢዎቻችን መንገዱን ያግራላቸው፤ የገቡትን ለምርቃት ያብቃቸው፤ መንገድ ላይ የቀሩትንም በሌላ በር ኸይር ይክፈትላቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።