ለደገኛ የተነፈገው እጥበት

ኩላሊቱ የደከመ ሰው ከመሐል ሜዳ፣ ከራቤል ወይም ከዓለም ከተማ ሲነሣ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ማሽን ወዳለበት ከተማ ሄዶ፣ ቤት ተከራይቶ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ደሙን ማሳጠብ። በቀጭን ቱቦ ፈሳሽ ሆድ ውስጥ ገብቶ፣ ቆይቶ፣ ቆሻሻውን ይዞ የሚወጣበት፣ ቤት ውስጥ የሚሠራው የሆድ እጥበት ግን ለገጠር ሰው አይሆንም ተብሎ ተትቷል። ለምን ሲባል መልሱ ኢንፌክሽን ነው። ውኃ በጀሪካን በሚቀዳበት፣ በግና ከብት ከሰው ጋር በሚያድርበት ደጋ፣ በተለይ የመከላከል አቅሙ የደከመ፣ ማለትም ኤችአይቪ ያለበት፣ ለሉፐስ ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ወይም የተተከለለት ኩላሊት ሥራ ያቆመበት ሕመምተኛ በፈንገስና በቲቢ ያልቃል ይባላል። ይህ ፍርድ ሕመምተኛውን ለሕክምናው ጉድለት ተጠያቂ ያደርጋል።

አደጋው እውነተኛ ነው፤ ፈንገስ ሆድ ውስጥ ከገባ ብዙዎችን ይገድላል። ነገር ግን ፈንገሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከአንቲባዮቲክ በኋላ ነው። ፈሳሹ ሲደፈርስ ናሙና ሳይወሰድ ሴፍትሪያክሶን መጀመር፣ ትኩሳቱ አልወርድ ሲል ሌላ መቀየር፣ ያም ሲያቅት ሦስተኛ መፈለግ፣ ካንዲዳ ለተባለው ፈንገስ በር መክፈት ነው። የዓለም አቀፉ የሆድ እጥበት ማኅበር መመሪያ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ፈሳሹ ይቀዳ ይላል። በአንድ ማይክሮሊትር ከ100 በላይ ነጭ የደም ሴል ከተገኘና ከግማሽ በላዩ ኒውትሮፊል ከሆነ ኢንፌክሽን ነው። ፈሳሹ እዚያው አልጋው አጠገብ የደም ካልቸር ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። በሦስተኛው ቀን ምንም ካልበቀለ «ኔጋቲቭ» ብሎ ፋይል መዝጋት አይገባም፤ ፈንገስና ቲቢ የሚፈለጉት ያኔ ነው። ፈንገስ ከተገኘ ቱቦው ወዲያው ይወጣል፤ መድኃኒት እየሰጡ መጠበቅ ሕይወት ያስከፍላል። መከላከያውም ሩቅ አይደለም፤ አንቲባዮቲክ በታዘዘ ቁጥር ለሕፃናት የአፍ ቁስል የምንሰጠውን ኒስታቲን አብሮ ማዘዝ ነው። ቲቢ ሲሆን ቱቦው የግድ አይወጣም። ሆኖም የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን የፕሬድኒሶሎንንና ሰውነት የተተከለውን ኩላሊት እንዳይቃወም የሚሰጠውን የታክሮሊመስን መጠን በደም ውስጥ ስለሚያወርድ፣ ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው መጠኑ ካልተስተካከለለት ቲቢው እየዳነ ሰውነቱ የተተከለውን ኩላሊት ሊቃወም ይችላል። የቲቢ መመርመሪያው ጂን ኤክስፐርትም በሆድ ፈሳሽ ላይ ቲቢን ሊስት ስለሚችል፣ ባዶ ውጤቱ ብቻውን አያሰናብትም።

የንጽሕናውን ክርክር ታይላንድ በሥራ መልሳዋለች። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የሆድ እጥበትን ለገጠር ዜጎቿ ጭምር ቀዳሚ ሕክምና አደረገች፤ በኋላ ምርጫውን ለሕመምተኛው ብትተውም። ሆንግ ኮንግ ከ1985 ጀምሮ በዚሁ መንገድ ሄዳለች። የሚያስፈልገው አንድ ንጹሕ ጥግ፣ ሳሙና፣ ፈሳሹ ሲቀየር የሚዘጋ በርና መስኮት ነው። መደፍረሱን ለመለየትም ከረጢቱን ዳዊት ላይ ማስቀመጥ ይበቃል፤ ፊደሉ ጥርት ብሎ ካልታየ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። የማሽኑስ እጥበት ቢሆን አንገት ላይ በሚገባ ቱቦ ጀርምን በቀጥታ ወደ ደም ሊያስገባ ሲችል፣ ማን «አይሆንም» አለ?

ካልቸር የሚሠራ ላቦራቶሪ በየወረዳው አለመኖሩ ብርቱ ተቃውሞ ነው። ግን ሴል ለመቁጠር ማይክሮስኮፕ ይበቃል፤ የተሞላው ጠርሙስም ማቀዝቀዣ ሳይገባ በዚያው ቀን ደብረ ብርሃን ሊደርስ ይችላል። የእጥበቱ ፈሳሽ ከውጭ የሚመጣና ውድ መሆኑ ደግሞ ትልቁ መሰናክል ነው፤ የእጥበት ዕቃ ሲገዛ ማሽኑን ብቻ ሳይሆን ይህንንም እንዲያካትት ጤና ሚኒስቴርና የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ሊጠየቁ ይገባል። የመንዙ ገበሬ እጅ እስኪጸዳ እየጠበቅን ነው ማለት ግን የግዥን ችግር በእሱ ማመካኘት ነው።