ቤት ስንለውጥ ድመቷስ?

ስለ አገርና ስለ ዓለም ጉዳይ በሚጻፍበት መጽሔት ላይ ስለ ድመት መጻፍ ለአንዳንዱ አንባቢ ቀልድ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን በዶርማችን ስለ መብትና ስለ ፍትሕ ሲከራከር የሚያድር ተማሪ፥ ቤተሰቡ ቤት ሲለውጥ ድመቷን ፍርስራሽ ላይ ጥሎ መሄዱን እንደ ተራ ነገር ከቈጠረው፥ ጉዳዩ ከቀልድ ያልፋል። ስለዚህ ያለኝን አስተያየት ለጓደኞቼ ባቀርብ ይፈቀድልኛል ብዬ አምናለሁ።

አዲስ አበባ ቤት መለወጥ የበዛባት ከተማ ሆናለች። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ሺህ ቤተሰብ ግቢ ካለው ቤት ወደ ጋራ መኖሪያ ሕንፃ ገብቷል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህም ከፒያሳና ከሌሎች ነባር ሰፈሮች ብዙ ሰው ወደ ከተማው ዳር ተዛውሯል። የዚህን ሥራ ጥቅምና ጉዳት መመርመር የዚህ ጽሑፍ ተግባር አይደለም። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አልጋው፥ ቁም ሣጥኑና ምጣዱ አይሱዙ ላይ ሲጫን ድመቷ የት ናት?

በዚህ ነገር ሰው በሦስት ወገን ተከፍሎ ይገኛል። የመጀመሪያው ወገን ጥሏት ይሄዳል። ምክንያቱን ቢጠይቁት «ድመት የምትወደው ቤቱን እንጂ ሰውን አይደለም» ብሎ ይመልሳል። ይህ አባባል ለሚጥል ሰው ይመቻል እንጂ እውነት አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. ከኦሬጎን ስቴት ዩኒቨርስቲ የወጣ ጥናት፥ ከተመረመሩት የድመት ግልገሎች መካከል 64 ከመቶ ያህሉ፥ አሳዳጊያቸው ለጥቂት ጊዜ ተለይቷቸው ሲመለስ እንደሚረጋጉና ሕፃን በእናቱ እንደሚተማመን በእርሱ እንደሚተማመኑ አሳይቷል። አይጥ ሲያስቸግረን ድመቷ ቤተሰብ ናት፤ ጭነት ሲበዛብን ግን ትርፍ ዕቃ ትሆናለች። ይህን ፍርድ ማን ፈረደ?

ሁለተኛው ወገን ይዟት ይሄድና በደረሰበት ዕለት በሩን ከፍቶ ይለቃታል። «ድመት መንገዷን ታውቃለች» ይላል። እውነት ነው፥ ታውቃለች፤ የምታውቀው ግን የቀድሞውን መንገድ ነው። ድመት አገሯን ከዓይኗ ይልቅ በአፍንጫዋ ትለያለች። ጉንጯን ከበርና ከወንበር ጋር ስታሻሽ ከቈዳዋ የሚወጣውን ሽታዋን ትቀባለች፤ ይህም «እዚህ ኖሬአለሁ» እንደ ማለት ነው። አዲሱ ቤት ይህ ሁሉ የለበትም። ስለዚህ የተለቀቀች ድመት የቀድሞ ቤቷን ፍለጋ ልትነሣ ትችላለች። መኪናውንና የሌሊቱን ውሻ አልፋ ብትደርስ እንኳ፥ ቤቱ ፈርሶ የምታገኘው ባዶ ቦታ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ «ድመቷ ከዳችን» ተብሎ ይወራል። የከዳው ማን ነው?

ሦስተኛው ወገን ደግሞ ፈርቶ ለዘለዓለም ይዘጋባታል። ከልጅነቷ ጀምሮ ቤት ውስጥ ያደገች ድመት፥ የምትጫወትበትና የምትወጣበት ነገር ከተዘጋጀላት፥ በጤና ልትኖር ትችላለች። በግቢና በጣሪያ ላይ ስትንጐራደድ የኖረችውን ግን በአንድ ክፍል ማሰር እስር ቤት መላክ ነው። በረንዳውም አያስተማምንም። በ1987 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ከፎቅ ወድቀው ለሕክምና ስለ ቀረቡ 132 ድመቶች ጥናት ወጥቶ ነበር። አብዛኞቹ ቢድኑም ብዙዎቹ ደረታቸውና ፊታቸው ተጐድቶ ነበር። ስለዚህ «ድመት በእግሯ ትወድቃለች» ብሎ በረንዳውን ክፍት መተው አይገባም።

እንግዲህ በእኔ አስተያየት ትክክለኛው መንገድ ድመቷን ይዞ መሄድ፥ ማቈየት፥ ከዚያም ቀስ በቀስ ማውጣት ነው። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፥ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ይሰጣት። የምትተኛበት አሮጌ ጨርቅ ሳይታጠብ አብሯት ይግባ፤ የቀድሞው ቤት ሽታ ያለበት እርሱ ብቻ ነውና። ምግብ፥ ውኃና አሸዋ ወይም አፈር የተሞላ ካርቶን ይቀመጥላት። ስትረጋጋ የቀሩት ክፍሎች በየተራ ይከፈቱላት።

ሁለተኛ፥ ቢያንስ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ከቤት አትውጣ፤ ፈሪ ከሆነች አንድ ወር ትቈይ። በእነዚህ ሳምንታት ምግብ በተሰጣት ቍጥር በአንድ ዓይነት ድምፅ «ውሮ» ተብላ ትጠራ፤ በኋላ ከደጅ የሚመልሳት ይህ ጥሪ ነው። በደንብ የምትበላና ጅራቷን አቁማ በቤቱ የምትዘዋወር ከሆነች ተረጋግታለች ማለት ነው።

ሦስተኛ፥ ከመውጣቷ በፊት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ትከተብ። ባለቤት የሌለው ውሻ በሚበዛበት ከተማ ይህ ለድመቷ ብቻ ሳይሆን ለቤቱ ልጆችም ነው፤ በሽታው ምልክቱን ካሳየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውምና። ማንም ሰው ቢነከስ ወይም ቢቧጨር ቍስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። በተጨማሪም ድመት ገና በአራትና በአምስት ወሯ ልትፀንስ ስለምትችል እንዳትወልድ ማስመከን ይገባል። የማይፈለጉ ግልገሎችን አስወልዶ ሜዳ ላይ ከመጣል ይህ ይሻላል።

አራተኛ፥ የመጀመሪያው መውጫ በቀን፥ ዝናብ በሌለበትና ጸጥ ባለ ሰዓት፥ ምግብ ሳትበላ ይሁን። የራባት ድመት ስትጠራ ትመለሳለች። ታቅፎ ማውጣት አያስፈልግም፤ በሩ ይከፈትና ራሷ ትወስን። ሰው ደጃፉ ላይ ይቀመጥ። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ተጠርታ ትብላ፤ በማግሥቱ ጥቂት ይጨመርላት። ሕንፃ ላይ የሚኖር ሰው ከእርሷ ጋር ደረጃውን ቀስ ብሎ ይውረድ። አንዱ ሕንፃ ከሌላው በማይለይበት ሰፈር፥ የመመለሻዋ ምልክት አሽትታ የወረደችው ደረጃ ነው። ሌሊት ግን ከቤት ትደር።

አምስተኛ፥ ለጎረቤት መንገር ያስፈልጋል። የአይጥ መርዝ የበላች አይጥን የያዘች ድመት ራሷ ልትመረዝ ትችላለች። መርዝ የት እንደሚቀመጥ መጠየቅና «ይህች ድመት የእኛ ናት» ብሎ ማስተዋወቅ ገንዘብ አያስከፍልም።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ቤቱ የፈረሰበትና ሥራው የራቀበት ቤተሰብ ስለ ድመት የሚያስብበት ጊዜ አለውን?» ብለው ይከራከሩኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ክትባቱና ማስመከኑ ጥቂት ወጪ አለው። የቀረው ግን አንድ ካርቶን፥ ጥቂት አፈር፥ አሮጌ ጨርቅና የሦስት ሳምንት ትዕግሥት ነው። ሁለተኛም፥ በእንዲህ ያለ ጊዜ ከሁሉ የሚጐዳው ሕፃኑ ነው። ሰፈሩን፥ የኳስ ሜዳውንና የጨዋታ ጓደኞቹን በአንድ ቀን ትቶ ይሄዳል። ከቀድሞው ቤት ሕይወት ያለው ነገር ሆና አብራው ልትሄድ የምትችለው ድመቷ ናት። እርሷንም አስጥለን በአዲሱ ቤት «ለምን ታለቅሳለህ?» ብንለው፥ ምን ብሎ ይመልስልናል?

በየቤታችን ያነበበ ነው ተብለን ቃላችን የሚሰማ እኛ ነን። ስለ ሕዝብ መብት የምንናገረው ቃል ክብደት የሚኖረው፥ መናገር ለማይችለውም ስንቆም ነው። ስለዚህ የቤተሰባችሁ ዕቃ ሊጫን ሲል፥ ከሁሉ አስቀድማችሁ የድመቷን ካርቶን አዘጋጁ፤ አየር የሚያስገባ ቀዳዳም አብጁለት።