ስንጥቅ በቀለም አይደፈንም



የማኅበራችን ትንሿ ባለሸራ የፕላስቲክ ጀልባ ከጣና ወጥታ ዳር ላይ ከተቀመጠች ሦስት ሳምንት መሆኑ ይታወቃል። የሸራው ምሰሶ ከሚቆምበት ቀዳዳ ተነሥቶ ወደ ታች የወረደ አንድ ስንዝር የሚያህል ስንጥቅ ወጥቶባታል። መሰንጠቋ አላከራከረንም። ያከራከረን ባለፈው ስብሰባ የተሰማው ሐሳብ ነው። «ሙጫ ደፍነን፣ ከላዩ ቀለም ቀብተን ለበዓሉ እንልቀቃት፤ ፕላስቲክ ናት፣ ምን ትሆናለች?» ተባለ። ጥቂት ሰዎችም አጨበጨቡ። እኛ ይህን ሐሳብ አጥብቀን እንቃወማለን። ምክንያታችንንም ሁሉም እንዲያነበው እዚህ ሰሌዳ ላይ አውጥተነዋል።

በመጀመሪያ ሙጫው አይዝም። ጀልባችን የተሠራችው ፖሊኤትሊን ከሚባለው ፕላስቲክ ነው፤ ጄሪካን የሚሠራበት ማለት ነው። ይህ ፕላስቲክ ልሙጥና ሰም መሰል ስለሆነ ሙጫ አይነክሰውም። ሲደርቅ የጠነከረ ይመስላል፤ ጀልባዋ በማዕበል ስትተጣጠፍ ግን እንደ ቅርፊት ተላቆ ይወድቃል። አላምንም ያለ ሰው ቤቱ ገብቶ የተሰነጠቀ ጄሪካን በማስቲሽ ይለጥፍና ውኃ ሞልቶ ይሸከመው! ጄሪካን ጠጋኝ እንኳ በጋለ ብረት አቅልጦ ይደፍናል እንጂ ሙጫ አይቀባም።

ሐሳቡን ያመጡት ሰዎች ነገሩን ከፋይበር ጀልባ ጋር አምታተውታል። ፋይበር የብርጭቆ ክርና ሙጫ ስለሆነ ስንጥቁ ተሞርዶ በዚያው ክርና ሙጫ ይጠገናል፤ እሱ ትክክል ነው። ሁለቱን መለየት ደግሞ ከባድ አይደለም። ከማይጎዳ ጠርዝ ላይ በቢላ ቀጭን ፍቅፋቂ አንሥቶ ውኃ ላይ መጣል ነው። ፖሊኤትሊን ይንሳፈፋል፣ ፋይበር ይሰጥማል። በሦስት ማዕዘን ቀስት መካከል 2 ወይም 4 ቁጥር የተጻፈበት ከሆነም ፖሊኤትሊን ነው።

ሁለተኛው ምክንያታችን ከዚህ ይከብዳል። የጀልባችን ገላ ድርብ ነው፤ በውስጥና በውጭ ግድግዳዋ መካከል ባዶ ቦታ አለ። በስንጥቁ የሚገባ ውኃ እግራችሁ ሥር አይታይም፤ እዚያ ባዶው ውስጥ ይጠራቀማል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። ሃምሳ ሊትር ሲገባ አንድ ሰው ሳይታይ ተሳፈረ ማለት ነው፤ ያውም ጀልባዋ ባዘነበለችበት ወገን የሚሮጥ ሰው! ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ምን እንደሚሆን ለጣና ዳር ሰው አንነግርም። የሚሳፈሩት ደግሞ የእኛው ልጆች ናቸው። ቀለም የተቀባ ስንጥቅ ከተገለጠ ስንጥቅ የባሰ ነው፤ የተገለጠውን ሰው አይቶ ይፈራዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማንም እንዴ?

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ብየዳ ነው፤ የፕላስቲክ ብየዳ። መጀመሪያ በስንጥቁ በሁለቱም ጫፍ በትራፓኖ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ ይበሳል፤ ስንጥቁ ከዚያ አልፎ እንዳይሮጥ የሚያቆመው ይህ ነው። ቀጥሎ ስንጥቁ እንደ ቦይ ይፈለፈላል፤ ፀሐይ የመታው የላይኛው ቆዳ ተፍቆ ይነሣል፤ ቦታው ይጸዳል፣ ይደርቃል። ከዚያ ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ የተቆረጠ ዘንግ በሙቅ አየር ወይም በካውያ እየቀለጠ ይሞላበታል። ዘንጉም ገላውም አብረው መቅለጥ አለባቸው፤ ዘንጉ ብቻ ከቀለጠ መለጠፍ እንጂ ብየዳ አይደለም። የእሳት ነበልባል ክልክል ነው፣ ፕላስቲኩን ያቃጥለዋል። ውኃ ሳይፈስበት በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ። በመጨረሻ ጀልባዋ ዳር ላይ ለጥቂት ሰዓት ትንሳፈፍና የማፍሰሻው ቡሽ ተነቅሎ ይታይ፤ ጠብታ ከወጣ ሥራው አላለቀም።

«ፕላስቲኩ ራሱ የማይረባ ነው፣ ትሸጥ» የሚሉም አሉ። ይህንንም አንቀበልም። ጥፋቱ የአያያዝ ነው። ጀልባዋ ሸራ ሳትለብስ ፀሐይ ላይ ትውላለች፤ ፀሐይ ፕላስቲክን ያደርቃል፣ እኛ ያለንበት ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ደግሞ ጨረሩ ይበረታል። በሁለት ሹል ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች፤ የዝናብ ውኃ ሳይደፋ ሆዷ ውስጥ ያድራል፤ አራት ሰው ማንሣት ሲገባው ሁለቱ በጠጠር ላይ ይጎትቷታል። በልብስ ሳሙና ታጥባ ሳትለቀለቅ ትተዋለች፤ ሳሙና ደግሞ የተወጠረ ፖሊኤትሊንን ቶሎ ያሰነጥቃል። ምሰሶው ሥር ያለው ብሎን እስኪጮህ ይጠብቃል። አራት ሜትር ፖሊኤትሊን ሙቀቱ በሃያ ዲግሪ ሲጨምር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ብሎኑ መላወሻ ከከለከለው የት ይሂድ? ይሰነጠቃል እንጂ! የብሎኑ ቀዳዳ ትንሽ ሰፋ ብሎ፣ ሰፊ ሮንዴላና ላስቲክ ተደርጎበት፣ በልክ መጥበቅ ነበረበት።

ታንኳ ሠሪዎቻችንን እንይ። ከደንገል የተሠራውን ታንኳ ሥራው ሲያበቃ ከውኃ አውጥተው ያደርቁታል። ለደንገል የሚደረገው ጥንቃቄ ለፕላስቲክ የሚነፈግበት ምክንያት አይገባንም። «ፕላስቲክ ነው፣ ምን ይሆናል» የሚለው አነጋገር ከሰፈራችን ተነቅሎ መጣል አለበት።

«ብየዳው ገንዘብ ያስወጣል» ለሚሉም መልስ አለን። የቀለም ገንዘብ ተመድቦ የለም ወይ? እሱ ወደ ብየዳው ይዙር። ቀለምማ ዓይን ነው የሚያስደስተው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ የሚከተለው እንዲወሰን እንጠይቃለን፦

1ኛ/ ጀልባዋ ተበይዳ በሁሉም ፊት እስክትፈተሽ ድረስ በዓል ይሁን ሠርግ ውኃ ላይ እንዳትወርድ፤

2ኛ/ ከብየዳው የሚተርፈው ገንዘብ ለዳስና ሰፋ ላለ የእንጨት ማስቀመጫ እንዲውል፤

3ኛ/ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ውኃውን የሚደፋ፣ ሸራ የሚያለብስ፣ የምሰሶውን ሥር በእጁ ዳስሶ የሚመረምር ተረኛ እንዲመደብ፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ያየ ያን ዕለቱኑ ለማኅበሩ ይንገር፤

4ኛ/ ጀልባዋ ብትጠገንም የደኅንነት ሰደርያ ያልለበሰ እንዳይሳፈር።

በዓሉ ጀልባ ባይኖርም ይከበራል። ልጅ ግን ከጠፋ አይተካም። ሳይቃጠል በቅጠል!

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት