የግጭት ቅድመ ማስጠንቀቂያ፦ ከኢጋድ እስከ ወልቂጤ

በሰኔ ወር 2010 ዓ.ም. በወልቂጤና አካባቢዋ በተከሰተው ማንነትን መሠረት ያደረገ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ነዋሪዎችም ተፈናቅለዋል። መሰል ጥቃትንና ሽብርተኝነትን አስቀድሞ ለመከላከል አገራት በጥናት እየተባበሩ ይገኛሉ።

የኢጋድ አባል አገራት እ.ኤ.አ. በ2002 ያቋቋሙት፣ መቀመጫውን በአዲስ አበባ ያደረገው የግጭት ቅድመ ማስጠንቀቂያና ምላሽ ሥርዓት በድንበር አካባቢ የአርብቶ አደር ግጭቶችን በመከታተል ሥራውን ጀምሯል። በጅቡቲ የሚገኘው የኢጋድ የልህቀት ማዕከል ደግሞ ኃይል የተቀላቀለበትን ጽንፈኝነት በመከላከል ላይ ያተኩራል።

ይሁን እንጂ ትንተና ፋይዳ የሚኖረው ወቅታዊ ምላሽ ሲከተለው ነው። የመጀመሪያውን ምልክት የሚያየው ጎረቤት ነው። የጉራጌ የጆካ ሸንጎም ቂም ወደ ደም መፋሰስ ሳይሸጋገር በእርቅ የመፍታት የቆየ ልምድ አለው። ስለሆነም ዜጎች የጥቃት ዛቻ ወይም ቅስቀሳ ሲያጋጥማቸው ሳይዘገዩ በአቅራቢያቸው ለሚገኝ የቀበሌ አስተዳደር ወይም ፖሊስ ጣቢያ ማሳወቃቸው፣ ተቋማቱም ፈጥነው ምላሽ መስጠታቸው ወሳኝ ነው።