ኮንኮርድ ለምን ቆመ?

ከድምፅ በእጥፍ እየፈጠነ መንገደኞችን ከለንደን ኒውዮርክ በሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ያደርስ የነበረው ኮንኮርድ እ.ኤ.አ. በ2003 ከአገልግሎት ተሰናበተ። ብዙዎች ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ2000 በፓሪስ አቅራቢያ 113 ሰዎችን የፈጀው አደጋ ነው ይላሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። አስተውሉ፤ አውሮፕላኑ ጎማውና የነዳጅ ጋኖቹ ተሻሽለው በቀጣዩ ዓመት እንደገና መንገደኛ ጭኗል። የጣለው ሌላ ነው። መቶ ያህል ሰው ብቻ ለማጓጓዝ እጅግ ብዙ ነዳጅ ይፈጃል፤ የቲኬቱም ዋጋ ከባለጸጋ በቀር ለማንም አይቀመስም ነበር። ከድምፅ ሲፈጥን የሚፈጥረው ነጎድጓድ ደግሞ በምድር ያለውን ሕዝብ ያውካል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1973 እንዲህ ያለውን የሲቪል በረራ በየብሷ ላይ የከለከለችው ስለዚህ ነው። ታዲያ ጥቂቶች አራት ሰዓት ያህል እንዲያተርፉ ከታች ያለው ሁሉ ይደንግጥ ትላላችሁን? እኔስ መቆሙ አግባብ ነበር እላለሁ።