በሰሙነ ሕማማት «አይሁድ» ስንል

ከትንሣኤ በኋላ በኢየሩሳሌም የሰነበታችሁ ምእመናን ከጠዋቱ በ4 ሰዓት ለ2 ደቂቃ የሚጮኸውን የሳይረን ድምፅ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። መኪናው በመንገድ መካከል ይቆማል፤ ሾፌሩ ወርዶ አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። አንዳንዶቻችሁ ጦርነት የመጣ መስሏችሁ ወደ ገዳሙ በር ሮጣችኋል። ዕለቱ በዕብራውያን አቆጣጠር ኒሳን 27 ቀን የሚታሰበው የሾዓ መታሰቢያ ነው፤ ሌላው ዓለም ሆሎኮስት ይለዋል። ናዚ ጀርመንና ተባባሪዎቿ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን 6 ሚሊዮን የሚያህሉ አይሁድን በጥይት፣ በረኃብና በመርዝ ጋዝ ፈጁ፤ ከእነርሱ 1 ሚሊዮን ተኩል ያህሉ ሕፃናትና ልጆች ነበሩ። የእኛ ትንሣኤ ከዕብራውያን ፋሲካ ብዙም ስለማይርቅ መታሰቢያው በአብዛኛው ዓመታት ከበዓላችን አጠገብ ይውላል። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን።)

ይህን ነገር ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ስንነግራቸው አንድ ታዳጊ እጁን አወጣና «አባ፣ ጌታን የሰቀሉት እነርሱ አይደሉም እንዴ?» አለ። ጥያቄው ከክፋት የመጣ አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ ሲሰግድ የሰነበተ ልጅ ነው፤ ግብረ ሕማማት ሲነበብ «አይሁድ» የሚለውን ቃል ደጋግሞ ሰምቷል፤ የቃሉን ፍቺ ግን ገና አልተማረም። እንግዲህ የቤተ ክርስቲያን መምህር ስለ ሾዓ ሲያስተምር ከሂትለር አስቀድሞ ይህን ጥያቄ ሊመልስ ይገባዋል።

ሂትለር ጥላቻውን የቀመመው በዘር ፍልስፍና እንጂ በወንጌል አልነበረም። ዘሩ የወደቀበት መሬት ግን በብዙ መቶ ዓመታት ስብከት የታረሰ ነበር። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በ386 እና በ387 በአንጾኪያ ወደ ምኵራብ የሚሄዱትን ክርስቲያኖች ሲገሥጽ የተናገረው ብርቱ ቃል፣ ከዘመኑና ከጉባኤው ተነጥሎ በኋለኞች እጅ የጥላቻ መሣሪያ ሆነ። ሉተር በ1543 ምኵራቦቻቸው ይቃጠሉ ብሎ ጻፈ። ለእኛ ለኦርቶዶክሳውያን ቅርብ የሆነው ግን የኪሺኔቭ ነገር ነው። በ1903 በሩሲያ ንጉሥ ግዛት በነበረችው በዚህች ከተማ፣ «አይሁድ የክርስቲያን ልጅ አርደው ደሙን ለበዓላቸው ወሰዱ» የሚል የሐሰት ወሬ ተነዛ። በትንሣኤ ዕለት፣ የጌታን መነሣት ያበሠረ ሕዝብ በጎረቤቶቹ ላይ ተነሣ፤ 49 ሰዎች ተገደሉ።

በአገራችንስ? ቤተ እስራኤል ርስት ተነፍገው፣ ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እየተባሉ የኖሩት በክርስቲያኖች መካከል ነው። የልጅ ልጆቻቸውን ዛሬ በዚህች ከተማ በባቡርና በገበያ እናገኛቸዋለን፤ ከአረጋውያኑም ጋር በአማርኛ ሰላም እንባባላለን። ይህን ከሾዓ ጋር አናስተካክልም፤ መጠኑም መንገዱም ሌላ ነው። ሆኖም ተማሪው «ይህ የፈረንጆች ኃጢአት ነው» ብሎ ደብተሩን እንዳይዘጋ ሊነገረው ይገባል።

በዚህ ጉዳይ ለመምህራን ሁሉ መምህር የሚሆን አንድ ሰው እናውቃለን፤ ዡል ኢዛክ ይባላል። የፈረንሳይ ተማሪዎች ለብዙ ዘመን ያጠኑትን የታሪክ መጽሐፍ ካዘጋጁት አንዱ ነበር፤ የትምህርት ዋና ተቆጣጣሪ እስከ መሆንም ደርሷል። አይሁዳዊ በመሆኑ በ1940 ከሥራው ተባረረ። በ1943 እርሱ ከቤት በወጣበት ሰዓት ሚስቱና ሴት ልጁ ተያዙ፤ ወደ አውሽቪትስ ተወሰዱ፤ አልተመለሱም። ሽማግሌው ከስፍራ ወደ ስፍራ እየተደበቀ ወንጌሉን ከክርስቲያን መተርጕማን ቃል ጋር ያስተያይ ነበር። የሚመረምረው ነገር ይህ ነው፦ ንቀቱ የመጣው ከወንጌሉ ነውን ወይስ ከአስተማሪዎቹ? ከአስተማሪዎቹ ነው ብሎ ደመደመ፤ «ኢየሱስና እስራኤል» የተባለውንም መጽሐፍ በ1948 አሳተመ። እንዲህ ያለ ኀዘን የደረሰበት ሰው ወንጌልን ከመርገም ይልቅ ማጥናቱ ያስደንቀናል። በ1947 በስዊዘርላንድ በዜሊስበርግ የተሰበሰቡ ክርስቲያኖችና አይሁድ የእርሱን ሐሳብ መሠረት አድርገው ለአስተማሪዎች 10 ነጥቦች አወጡ፤ ጌታ ከአይሁዳዊት እናት መወለዱ እንዳይዘነጋ፣ የሕማማቱም ታሪክ ሕዝቡን ሁሉ በሚወነጅል መንገድ እንዳይነገር። በ1960 ዓ.ም. በ82 ዓመቱ ሮም ሄዶ ከፓፓ ዮሐንስ 23ኛ ጋር ተነጋገረ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የጌታ ስቅለት በአይሁድ ሁሉ ላይ፣ በዛሬዎቹም ላይ፣ በደል ሆኖ እንዳይቈጠር በ1965 ስትወስን እርሱ ካረፈ 2 ዓመት ሆኖት ነበር።

የእኛ የትርጓሜ ትምህርት ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለም። ተናጋሪው ማን ነው? ለማን ተናገረ? በምን ጊዜ? እያልን አይደለምን ያደግነው? «አይሁድ ጮኹ» ሲል የቀያፋን ሸንጎና በዚያች ሌሊት የተሰበሰቡትን እንጂ በናዝሬት ቤቱ የተኛውን፣ በእስክንድርያ ይነግድ የነበረውን፣ ገና ያልተወለደውን አይልም። የሰቀሉት እጆችም የጲላጦስ ወታደሮች እጆች ናቸው። በመንገድ ያለቀሱለት የኢየሩሳሌም ሴቶችስ የማን ልጆች ነበሩ? ከመስቀል አውርደው የገነዙት ዮሴፍና ኒቆዲሞስስ? በአባቶቻችን ትውፊት «ቅዱስ እግዚአብሔር» የሚለውን ጸሎት ከመላእክት የሰሙት እነዚህ ሁለቱ ሲገንዙት ነው፤ በየዕለቱ የምንጸልየው ጸሎት በሁለት አይሁዳውያን በኩል ደርሶናል። ይህን የሰማ ልጅ በስቅለት ዐርብ ስግደቱን አይቀንስም፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ግን በመንገድ የሚያገኘውን ባለ ጥቁር ባርኔጣ ሽማግሌ በክፉ ዓይን አያይም። የዛሬውን የመንግሥታት ክርክር ወደ ክፍሉ አናስገባም፤ ለእርሱ ሌላ አደባባይ አለው።

ስለ ቅዱሳን ሥራ የሚጠይቁንን ተማሪዎች ወደ ግሪክ ደሴት ወደ ዛኪንቶስ እንወስዳቸዋለን። ጀርመኖች የአይሁድን ስም ዝርዝር አምጡ ባሉ ጊዜ ጳጳሱና የከተማው ከንቲባ ሉካስ ካረር በዝርዝሩ ላይ የራሳቸውን ሁለት ስሞች ብቻ አስፍረው ሰጡ። 275ቱ አይሁድ በየመንደሩ ተሸሽገው ሁሉም ተረፉ። የጳጳሱ ስም ክሪሶስቶሞስ ነው፤ በእኛ ቋንቋ አፈወርቅ ማለት ነው።

ወደ ያድ ቫሼም ለመሄድ ለምትጠይቁን ተሳላሚዎችም ጥቂት እንበል። ስሙ በኢሳይያስ 56 ልጅ ለሌላቸው ጃንደረቦች ከተሰጠው የመታሰቢያና የስም ተስፋ የተወሰደ ነው፤ እኛ መነኮሳትም ድርሻችን አድርገን የምናነበው ቃል ነው። በስሞች አዳራሽ የሟቹ ስም፣ የወላጆቹ ስም፣ የትውልድ ስፍራው የተጻፈባቸው ወረቀቶች ተሰብስበዋል፤ ዘመድ ወይም ወዳጅ የሞላቸው ናቸው። በጸሎተ ፍትሐት የሟቹን ስመ ክርስትና ሳንጠራ የማናልፍ እኛ፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስረጂ አንሻም። በሕፃናቱ መታሰቢያ በጨለማ ውስጥ የልጆቹ ስም፣ ዕድሜና አገር ይጠራል፤ ጥቂት መብራት በመስታወት እየበዛ እንደ ከዋክብት ይታያል። ዝም ብላችሁ ስሙ፤ ፎቶግራፍ አታንሡ። ዋናው ሙዚየም ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን አያስገባም፤ ደንቡ መልካም ነው። ለትንንሾቹ አንድ ቤተሰብ እንዴት ይኖር እንደነበረ፣ ምን ይበሉ፣ ምን ይዘምሩ እንደነበረ መንገር ይበቃል። ወደ ተራራ ሄርጽል የሚወስደውን ባቡር ይዛችሁ ወርዳችሁ ጥቂት በእግር ትሄዳላችሁ። መግቢያው ነፃ ነው፤ ቅዳሜ ግን ዝግ ነው።

ይቆየን።